ቁስሉ ተቆጣ

እሾህ የወጋው ሰው በመጀመሪያው ቀን አያማርርም። ሰባራውን በጥፍሩ ጫር ጫር አድርጎ ትቶት ይሄዳል። ማታ ላይ ግን ተረከዙ መጠዝጠዝ ይጀምራል፤ ሲነጋ አብጦና ግሎ አላስረግጥ ይላል። እናቴ መርፌውን በእሳት እያጋለች እግሬን ስታይ «ተቆጥቷል!» ትል ነበር። ልጅ ሳለሁ የተቆጣው እሾሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ የተቆጣው የገዛ አካሌ ነው።

ሐኪሞች ይህን ቁጣ ብግነት ይሉታል። ቃሉ የወጣው «በገነ» ከሚለው ግስ ነው፤ በገነ ደግሞ ተቃጠለም ተናደደም ማለት ነው። የላቲኑ ስያሜ የያዘው እሳቱን ብቻ ነው። የእኛው ይበልጣል ብል አድልዎ አይሆንብኝም።

ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሰስ የብግነትን አራት ምልክቶች አስቀምጧል፦ መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋል፣ ሕመም። አካሉ ሥራ መፍታቱ አምስተኛ ሆኖ ኋላ ተጨመረ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የሚነሡት ከአንድ ቦታ፣ ከቀጫጭን የደም ሥሮች ነው ማለት ይቻላል።

እሾሁ ብቻውን አይገባም፤ ባክቴሪያ አዝሎ ነው የሚገባው። ከቆዳ ሥር ግን ዘብ የቆሙ ሴሎች አሉ። ማክሮፋጅ የሚባሉት የባክቴሪያውን ባዕድነት ያውቃሉ፤ ማስት የሚባሉት ደግሞ ሂስታሚን ይረጫሉ። ወዲያው በአካባቢው ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ። ከውስጠኛው አካላችን ሙቀቱን ይዞ የሚጎርፈው ደም ቦታውን ያቀላዋል፣ ያግለዋል። የሥሮቹ ግድግዳ መጋጠሚያም ይላላና የደሙ ፈሳሽ ወደ ሥጋው ይንጠፈጠፋል፤ እብጠቱ ይኸው ነው። ከፈሳሹ ከፊሉ ወደ ላይ ተጉዞ ብሽሽት ላይ ካለው ዕጢ ይደርሳል። እግራችን ቆስሎ ብሽሽታችን ንፍፊት የሚያወጣው ለዚህ ነው። ፕሮስታግላንዲን የተባለው ኬሚካል ደግሞ የነርቮቹን ጫፍ ያሰላዋል፤ የነጠላ ጫፍ ሲነካን እንኳ የምንጮኸው በእሱ ምክንያት ነው።

የደም ሥሩ መስፋት ግን የመንገድ ጠረጋ ነው። የሚጠበቁት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። መቅኔያችን በቀን 100 ቢሊዮን ገደማ ይሠራል። በደም ሲከንፉ የነበሩት እዚህ ሲደርሱ የሥሩ ግድግዳ ይይዛቸዋል፤ እየተንከባለሉ ይዘገያሉ፣ ይቆማሉ፣ ከዚያ በጠባቡ መጋጠሚያ ሾልከው ይወጣሉ። ባክቴሪያውን ይውጡታል። የሚገድሉበትም መርዝ ለቤታችን እንግዳ አይደለም፤ የበረኪና ዘመድ ነው። ይህን መርዝ የሚያዘጋጀው ኢንዛይም ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ መግል አረንጓዴ የሚያጠቅሰውም በእሱ ነው። መግል በአብዛኛው የኒውትሮፊሎች ሬሳ ነው። በረኪና ደግሞ ጠላትና ወዳጅ አይለይምና ጤነኛው ሥጋም አብሮ ይቃጠላል።

ድሮ ብዙ ሊቃውንት እነዚህ ሴሎች ጀርም ተሸክመው የሚያዛምቱ ይመስላቸው ነበር። ይህን የገለበጠው፣ ደግ አጋጣሚ ሆኖ፣ እሾህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ሩሲያዊው ተመራማሪ ኤሊ ሜችኒኮፍ ሲሲሊ ውስጥ መሲና ነበር። ቤተሰቡ ሰርከስ ሊያይ ሲሄድ እሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ቀረ። ከግቢው እሾህ ቆርጦ መጣና እንደ ውሃ ጥርት ያሉትን የባሕር ኮከብ እጮች ወጋቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ቢያይ ሴሎቹ እሾሁን ከብበውታል። እጩ የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ የነገሩ ሥር ደሙ ሳይሆን የእነዚህ በላተኞች መሰባሰብ ነው አለ። በ1908 ከሌላው ተመራማሪ ከፖል ኧርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ቁጣው የሚበርደውም እንዲሁ በራሱ አይደለም። እሾሁ ወጥቶ ባክቴሪያው ሲያልቅ ማክሮፋጆቹ የሞቱትን ኒውትሮፊሎች እየዋጡ ሜዳውን ያጸዳሉ፤ አዳዲስ ኒውትሮፊሎችን መጥራቱም ይቆማል። አስፕሪን ይህን ሥራ አይሠራም። እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 እንዳሳየው፣ አስፕሪን የፕሮስታግላንዲንን መመረት ነው የሚያግደው። ሕመሙ ይታገሣል፤ ባክቴሪያው ግን በቦታው ነው።

ኬልሰስ ያስቀደመው መቅላት በእኛ ጥቁርና ጠይም ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ቦታው ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ዓይንዎን ብቻ አይመኑ፤ በእጅዎ ጀርባ የታመመውን እግር ከጤነኛው ጋር ያመዛዝኑ። ትኩሳቱ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ፣ ከቁስሉ ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚሄድ መስመር ካዩ ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት ነገን አይጠብቁ፤ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎንም እግረ መንገድዎን ይጠይቁ።