ዕርጅናና የአሚኖ አሲድ ጉዳይ

ጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር እንደምትገኝ ታውቃላችሁ። ወንዙ በክረምት ሞልቶ በበጋ ሲጎድል፣ ውኃው ለቆት በሄደው እርጥብ ዳርቻ ላይ የአኙዋክ ገበሬዎች በቆሎ ይዘራሉ፤ ከወንዙም አምባዛና ቆሮሶ ይጠመዳል፤ የኑዌር ከብት አርቢዎች ደግሞ ወተት ያልባሉ። በቆሎ፣ ዓሣና ወተት በአንድ ማዕድ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዴት እንደሚሞላ አስተውላችሁ ታውቃላችሁን?

ፕሮቲን የተባለው ገንቢ ምግብ በሆድ ዕቃ ውስጥ ሲፈጭ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይለወጣል። ከእነዚህ ዘጠኙን ሰውነት በራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት። ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉት ሁለቱ በበቆሎ ውስጥ እጅግ ያንሳሉ፤ ዓሣና ወተት ግን ዘጠኙንም አሟልተው ይይዛሉ። ስለዚህ ከገንፎ ጋር የቀረበ ጥቂት ዓሣ የገንፎውን የራሱን ፕሮቲን ጥቅም ከፍ ያደርገዋል።

ይህ ከዕርጅና ጋር ምን ያገናኘዋል? ብረት አየርና እርጥበት ሲያገኘው እንደሚዝግ ሁሉ፣ በሰውነታችንም ከኦክሲጅን የሚመነጩ ቅንጣቶች ሕዋሳትን ይጎዳሉ። ሕዋስ ይህን ከሚከላከልባቸው ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ ግሉታታዮን ነው። ስሙ ለምላስ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ ግሉታሜት፣ ሲስቴይንና ግላይሲን ከሚባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች የተገጣጠመ ነው። ዕድሜ ሲገፋ መጠኑ ይቀንሳል። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ስምንት አረጋውያን ሲስቴይንና ግላይሲን ለሁለት ሳምንት ቢወስዱ የግሉታታዮናቸው መጠን ወደ ወጣቶች ደረጃ ተጠግቷል።

እንግዲያው ክኒኑን እንግዛ የሚል ይኖር ይሆናል። ስምንት ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ክኒኑም የሰውን ዕድሜ ማራዘሙ እስካሁን አልተረጋገጠም። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር ሊወስደው አይገባም።

ይልቅስ በቤታችሁ ያሉትን አያት ተመልከቱ። ጥርሳቸው ስለ ረገፈ ዓሣው ለልጆች ይቀርብና ለእርሳቸው ገንፎ ብቻ ይተርፋል። ይህ ስሕተት ነው፤ አረጋዊ ሰው ጡንቻው እንዳይመነምን የሚያስፈልገው ፕሮቲን ከጎልማሳው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። በሚገባ የበሰለ ዓሣ አጥንቱ ተለቅሞ ከነመረቁ በገንፎው ላይ ቢደረግ ብዙ ማኘክ አያሻም። ቆዳውንም አትጣሉት፤ በውስጡ ካለው ኮላጅን አሚኖ አሲዶች ሲሶ ያህሉ ግላይሲን ነው።