የችሎት ወንበር ለእኛም ክፍት ነው

በአሜሪካ ፊልም የምናየው ባለ 12 ሰው ጁሪ በስዊድን ተራ ችሎት የለም። እዚህ አገር ጁሪ የሚቀመጠው በፕሬስና በንግግር ነፃነት ክስ ነው፤ ከ9 አባላት 6ቱ ካልተስማሙ ተከሳሹ ነፃ ይወጣል። በሌላው ጉዳይ ከዳኛው ጎን የሚቀመጡት ኔምንደማን የሚባሉ ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። በወንጀል ችሎት አብዛኛውን ጊዜ 1 ዳኛና 3 ኔምንደማን ይሰየማሉ። ድምፃቸው እኩል ስለሆነ ሦስቱ ከተስማሙ ዳኛውን ይረታሉ።

ይህ ባለሱቁንና ባለታክሲውን ምን አገባው? ከስካተቬርኬት ጋር በግብር ተከራክረን ፎርቫልትኒንግስሬተን ስንደርስ በብዙው ጉዳይ የሚፈርዱት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። የካሳ መመዝገቢያ ምን እንደሆነ፣ የሌሊት ሥራ ገቢ እንዴት ከፍና ዝቅ እንደሚል የሚያውቅ ሰው ከመካከላቸው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ለመመረጥ የስዊድን ዜግነት፣ 18 ዓመት መሙላትና በአካባቢው ነዋሪነት መመዝገብ ያስፈልጋል። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ አይበቃም። ሕግ መማር ግን አይጠየቅም። ዕጩ የሚያቀርቡት የፖለቲካ ፓርቲዎች ቢሆኑም የፓርቲ አባል መሆን ግዴታ አይደለም። ለቲንግስሬት የሚመርጠው የኮሙኑ ምክር ቤት ሲሆን ለፎርቫልትኒንግስሬት የሬጂዮኑ ምክር ቤት ነው። ዘመኑ 4 ዓመት ነው፤ ከ2024 እስከ 2027 የሚያገለግሉት በ2023 ተመርጠዋል፣ ተከታዮቹ የሚመረጡት በ2027 ነው። ፓርቲዎች ስም የሚያሰባስቡት ከዚያ ቀደም ብለው ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ድሮ በፖስታ ይሄድ የነበረው ወረቀት አሁን በብዛት በኢንተርኔትና በኢሜይል ሆኗል። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ ይበሉ።

አንደኛ፣ ባንክ አይዲ ፊርማዎ ነው። ልጅዎ ወይም የሒሳብ ሠራተኛዎ አጠገብዎ ሆኖ ያስረዳዎት እንጂ የምስጢር ቁጥሩን አይስጡ።

ሁለተኛ፣ የሱቁን ሳይሆን ራስዎ በየቀኑ የሚያዩትን ኢሜይል ይጻፉ። ሠራተኛ የሚከፍተው ሳጥን ውስጥ የፍርድ ቤት መልእክት ሊጠፋ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ፍርድ ቤት የሚከፍለው የቀን አበል ግብር ያለበት የግል ገቢ ነው፤ ከድርጅቱ ሽያጭ ጋር አይቀላቀልም።

ፍርዱ አያውቀንም ብሎ ማማረር ቀላል ነው። ዜግነቱን የያዝን ግን ወንበሩ ላይ መቀመጥም እንችላለን።