ዘፋኙ የት ገባ? የድምፅ ፕላጊንና የቻናል ጣጣ

አንድ ዘፈን በኢርፎን ስትሰሙት ልክ ነው። ድምፁ ሰፊ ነው፣ ዘፋኙም ጥርት ብሎ ይሰማል። ያንኑ ዘፈን አንድ ስፒከር ብቻ ባለው ስልክ ትከፍቱታላችሁ፤ ዘፋኙ የለም። ቢቱ አለ፣ ቤዙ አለ፣ ድምፃዊው ግን ወይ ጠፍቷል ወይ ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ይመስላል። ስልኩ አልተበላሸም፣ ፋይሉም ደህና ነው።

እንዲህ ሲያጋጥም መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ዘፈኑ ሲቀናበር የዘፋኙ ድምፅ ላይ የተጫነው ፕላጊን ነው። ፕላጊኑ በስንት ቻናል ተቀብሎ በስንት ቻናል እንደሚያወጣ፣ በመሃል ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የወሰነ አንድ ፕሮግራመር አለ። ዛሬ የምናየው ያንን ውሳኔ ነው። ቢት የምትሠሩም፣ ኮድ መጻፍ የጀመራችሁም፣ ዝም ብላችሁ ሙዚቃ የምትሰሙም ብትሆኑ ነገሩ ይነካችኋል።

ፕላጊን ምንድነው?

ፕላጊን ለብቻው የማይሠራ፣ እንደ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ኩቤዝ ወይም ሪፐር ባሉ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። አንዱ ኤኮ ይጨምራል፣ አንዱ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ያመጣጥናል፣ ሌላው ራሱ ኪቦርድ ወይም ከበሮ ሆኖ ይጫወታል። ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1996 እ.ኤ.አ. ቪኤስቲ የሚባለውን ስታንዳርድ ካስተዋወቀ ወዲህ፣ አንዱ የሠራውን ፕላጊን በሌላው ፕሮግራም ውስጥ መክፈት የተለመደ ሆነ።

ፕላጊኑን የሚቀበለው ትልቁ ፕሮግራም «ሆስት» ይባላል። ሆስቱ ባለቤት ነው፣ ፕላጊኑ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ በሰው ቤት የቀረበለትን ነው የሚበላው። ብዙ ጀማሪ ፕሮግራመር የሚዘነጋው ይህቺን ነው፤ ስንት ቻናል እንደሚመጣ የሚወስነው ፕላጊኑ ብቻውን አይደለም።

ድምፅ ወደ ቁጥር ሲቀየር

ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ቁጥር ነው። በ48,000 ሄርዝ የተቀዳ አንድ ቻናል በየሰከንዱ 48,000 ቁጥሮች አሉት። እያንዳንዱ ቁጥር «ሳምፕል» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ-1 እስከ 1 ባለው መሃል ነው። ሞኖ 1 ቻናል ነው። ስቴሪዮ ግራና ቀኝ፣ 2 ቻናል ነው። 5.1 የሚባለው የፊልም ድምፅ 6 ቻናል፣ 7.1.4 የሚባለው ደግሞ 12 ቻናል ነው።

ሆስቱ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አያቀብልም፤ በጥቅል ነው የሚልከው። ለምሳሌ አንድ ጥቅል 512 ሳምፕል ከሆነ፣ በ48,000 ሄርዝ ወደ 10.7 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ፕላጊኑ በዚያች ጊዜ ውስጥ ሁሉንም ቻናል ሠርቶ ካልመለሰ ድምፁ ይቆራረጣል። ዋቭ ፋይል ውስጥ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ ነው የሚቀመጡት፤ ወደ ፕላጊን ሲመጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግራው በራሱ መስመር፣ ቀኙም በራሱ መስመር ተለይቶ ነው።

ታዲያ ዘፋኙ የት ገባ?

ድምፅን «ሰፊ» ለማድረግ አንድ ርካሽ ዘዴ አለ። አንዱን የዘፋኝ ድምፅ ወስዶ በግራ እንዳለ ማውጣት፣ በቀኝ ደግሞ ምልክቱን ገልብጦ ማውጣት። ግራው 0.5 ሲል ቀኙ -0.5 ይላል። በኢርፎን እያንዳንዱ ጆሮ የራሱን ስለሚሰማ ድምፁ ጭንቅላታችሁን የከበበ ይመስላል። ባለ አንድ ስፒከሩ ስልክ ግን ሁለቱን ደምሮ ነው የሚያወጣው። 0.5 ሲደመር -0.5 ስንት ነው? ዜሮ። ዜሮ ማለት ዝምታ ነው።

ስልካችሁ ላይ መሞከር ትችላላችሁ። አንድሮይድም አይፎንም ሴቲንግ ውስጥ፣ አክሰሰቢሊቲ በሚለው ስር «ሞኖ ኦዲዮ» የሚል ማብሪያ አለ። ኢርፎን ሰክታችሁ አብሩት፤ የሚጠፋ ወይም የሚሳሳ ነገር ካለ ሁለቱ ቻናሎች እየተጣፉ ነው። ይህ ማብሪያ የተቀመጠው በተለይ በአንድ ጆሯቸው ብቻ ለሚሰሙ ሰዎች ነው። እነሱ ሞኖ የሚያበሩት ለሙከራ አይደለም፤ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚሰሙት። ለእነሱ ዘፋኙ ከጠፋ ጠፋ ነው።

ድምፁ ከመጀመሩ በፊት ድርድር አለ

ጀማሪ ፕሮግራመር ኮዱን ሲጽፍ «ቻናል ሁለት ነው፤ ግራና ቀኝ» ብሎ ይጀምራል፤ እሱ የሚሞክረው በስቴሪዮ ነዋ። ከዚያ አንዱ ተጠቃሚ ፕላጊኑን በአንድ ማይክ የተቀዳ ሞኖ ትራክ ላይ ይጭነዋል። ሁለተኛ ቻናል የለም። ኮዱ ግን የሌለውን ይፈልጋል፤ የራሱ ያልሆነ ሜሞሪ ይነካል። ፕላጊኑ በአብዛኛው በሆስቱ ውስጥ ስለሚሠራ፣ ሲወድቅ ሆስቱን ይዞት ይወድቃል። ሴቭ ያልተደረገ የሌሊት ሥራ አብሮ ይሄዳል።

ይሄ እንዳይሆን ነው ስታንዳርዶቹ ድርድር ያስቀመጡት። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው ቪኤስቲ 3፣ ሆስቱ ድምፅ ከመልቀቁ በፊት «2 ቻናል ልስጥህ፣ 2 ትመልሳለህ?» ዓይነት ጥያቄ ያቀርባል። ፕላጊኑ እሺ ወይም እንቢ ይላል። እንቢ ካለ ሆስቱ «ታዲያ የምትችለው ምንድነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ክላፕ የተባለው ክፍት ስታንዳርድም ሆስቱ መግቢያና መውጫዎቹን አስቀድሞ የሚጠይቅበት የራሱ መንገድ አለው።

ብዙ ሰው ፕላጊን ለመሥራት የሚጠቀመው ጁስ የሚባለውን የሲ ፕላስ ፕላስ ማዕቀፍ ነው (ከአቮካዶው ጋር እንዳይምታታባችሁ)። ጁስ ውስጥ ይህን ድርድር የሚመልስ አንድ ፈንክሽን አለ። የቀረበውን የቻናል አቀማመጥ አይቶ እውነት ወይም ሐሰት ይላል። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ የሚመጣው ዝግጁ ኮድ ሞኖና ስቴሪዮ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ለኢፌክት ደግሞ መግቢያውና መውጫው እኩል መሆን አለበት ይላል። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሞኖ ተቀብሎ ስቴሪዮ የሚያወጣ ኤኮ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የምትነኩት ይህንን ፈንክሽን ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ያዙ፤ እንቢ ማለት ነውር አይደለም። የማትችሉትን እሺ ብሎ ጩኸት ከማውጣት፣ «ይሄን አልችልም» ብሎ መመለስ ለተጠቃሚው ይሻለዋል።

ባሱና ተሳፋሪዎቹ

ቻናሎች የሚጓዙት «ባስ» በሚባል ጥቅል ነው። ስሙ ከምናውቀው የከተማ ባስ ጋር አንድ ሥር ነው ያለው። ባሱ ስቴሪዮ ከሆነ 2 ተሳፋሪ፣ 5.1 ከሆነ 6 ተሳፋሪ ይዟል። አንድ ፕላጊን ከአንድ በላይ ባስ ሊኖረው ይችላል።

በጣም የተለመደው ሁለተኛ ባስ «ሳይድቼይን» ነው። ሬዲዮ ላይ አዘጋጁ ሲናገር ሙዚቃው ዝቅ፣ ዝም ሲል ከፍ ይላል አይደል? ፕላጊኑ ሙዚቃውን በዋናው ባስ፣ የአዘጋጁን ድምፅ በሁለተኛው ባስ ይቀበላል። ሁለተኛውን ግን አያወጣውም፤ እየሰማ ዋናውን ለመቆጣጠር ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ችግሩ የሚመጣው ተጠቃሚው ሳይድቼይኑ ላይ ምንም ያላገናኘ ጊዜ ነው። ያኔ ባሱ ባዶውን ሊመጣ ወይም ጭራሽ ላይመጣ ይችላል። ዋናው ስቴሪዮ ሆኖ ሳይድቼይኑ ሞኖ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ኮዱ ሁልጊዜ «መጣህ? ስንት ሆነህ መጣህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

በመውጫ በኩልም እንደዚሁ ነው። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ የያዘ የመሣሪያ ፕላጊን ሠራችሁ እንበል። ሁሉንም በአንድ ስቴሪዮ ካወጣችሁ፣ ተጠቃሚው ከበሮው ላይ ብቻ ኤኮ ልጨምር ቢል አይችልም። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ መውጫ ባስ ካለው ግን ሆስቱ ውስጥ አራት የተለያዩ ትራኮች ላይ አድርጎ ለየብቻ ያቀናብራቸዋል። ተጠቃሚው የዘጋው ባስ ላይ መጻፍ ግን ክልክል ነው፤ ቦታው ላይኖር ይችላል።

አራት የተለመዱ ስህተቶች

1. መውጫውን አለማጽዳት። ሆስቱ የሚሰጣችሁ የመውጫ ቦታ ባዶ ነው ብሎ ማንም ቃል አልገባላችሁም። አንድ ቻናል ተቀብላችሁ ሁለት የምታወጡ ከሆነና ግራውን ብቻ ከሞላችሁ፣ ቀኙ ላይ የቆየ ቁጥር ሊቀር ይችላል። ኢርፎን ላይ ድንገት የሚፈነዳ ጩኸት ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ የሰው ጆሮ ነው የሚጎዳው። ወይ ዜሮ አድርጉት፣ ወይ የግራውን ገልብጡበት።

2. ለሁለት ቻናል አንድ ማስታወሻ መጠቀም። ፊልተርና ኤኮ ያለፈውን ሳምፕል ያስታውሳሉ። የግራውን ጥቅል ሠርታችሁ ስትጨርሱ ያንኑ ማስታወሻ ለቀኙ ካቀበላችሁት፣ ቀኙ የሚጀምረው ከግራው ጫፍ ነው። በየጥቅሉ መጀመሪያ ትንሽ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይፈጠራል። ጥቅሉ 512 ከሆነ በሰከንድ ወደ 94 ጊዜ ነው፤ ያ ሁሉ ጠቅታ ተያይዞ እንደ ዝንብ ጥዝታ ይሰማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ቻናል የራሱ ፊልተር፣ የራሱ ማስታወሻ።

3. ሳያነቡ ላዩ ላይ መጻፍ። ብዙ ጊዜ መግቢያውና መውጫው አንድ ቦታ ላይ ነው ያሉት። ግራውና ቀኙን ወደ መሃልና ጎን ልትቀይሩ ነው እንበል። ግራ 3፣ ቀኝ 1 ከሆነ፣ መሃል የድምራቸው ግማሽ 2፣ ጎን የልዩነታቸው ግማሽ 1 ነው። መሃሉን ግራው ቦታ ላይ ቀድማችሁ ከጻፋችሁ ግን ግራው 3 መሆኑ ቀርቷል፣ 2 ሆኗል። ጎኑ 0.5 ይወጣል። ስህተት! ሁለቱንም አስቀድማችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ጻፉ።

4. ዝም ብሎ መደመር። ተመሳሳይ ይዘት ያላቸው ሁለት ቻናሎች ሲደመሩ ድምፁ በ6 ዴሲቤል ከፍ ይላልና ከልክ አልፎ ሊፈርስ ይችላል። ስቴሪዮን ወደ ሞኖ ስትቀይሩ ድምሩን ለሁለት አካፍሉት።

መለያየት ብቻም አይደለም

ቁጥር ሁለትን አንብቦ «እሺ፣ ሁሉንም ነገር ለየቻናሉ እለያያለሁ» የሚል አይጠፋም። እሱም አያዋጣም። ኮምፕረሰርን እንውሰድ፤ ድምፅ ሲበዛ ዝቅ የሚያደርግ ነው። ቀኝ በኩል አንድ ከበሮ ጠንከር ብሎ ተመታ። ቀኙ ብቻ ዝቅ ካለ፣ መሃል ላይ የነበረው ዘፋኝ ለአፍታ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከበሮው በተመታ ቁጥር ዘፋኙ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስለዚህ ስቴሪዮ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ቻናሎች አብረው ተለክተው እኩል ነው ዝቅ የሚሉት። በአጭሩ ማስታወሻው የየግል፣ ውሳኔው የጋራ ይሁን።

ስድስት ሲሆኑ ተራውም ይለያያል

ከስቴሪዮ ሲያልፍ ቁጥሩን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ማን የት እንደተቀመጠም ማወቅ ያስፈልጋል። 5.1 በዋቭ ፋይል የተለመደው ተራ ግራ፣ ቀኝ፣ መሃል፣ የዝቅተኛ ድምፅ ስፒከር፣ የኋላ ግራ፣ የኋላ ቀኝ ነው። ፕሮ ቱልስ በሚጠቀምበት የፊልም ተራ ግን ግራ፣ መሃል፣ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ መጨረሻ ላይ የዝቅተኛ ድምፅ ስፒከር ነው። ፊልም ላይ የተዋናዮች ንግግር በአብዛኛው የሚቀመጠው መሃል ነው። በፊልሙ ተራ መሃሉ ሁለተኛ ነው፤ በዋቩ ተራ ሁለተኛው ቀኝ ነው። ተራውን ካምታታችሁ ተዋናዩ ስክሪኑ መሃል ቆሞ ድምፁ ከቀኝ ጥግ ይመጣል። ስለዚህ «ሦስተኛውን ስጠኝ» አትበሉ፤ «መሃሉን ስጠኝ» በሉ። ጁስም ቪኤስቲ 3ም ቻናልን በስሙ ለመለየት መንገድ አላቸው።

ለመሞከር

ፕላጊን የምትሠሩ ካላችሁ፣ ለጓደኛ ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ፦

• ሞኖ ትራክ ላይ ጫኑት።
• ስቴሪዮ ላይ ጫኑትና ግራው ላይ ብቻ ድምፅ ልቀቁ። ቀኙ ዝም ማለት ሲገባው ከጮኸ የሚያፈስ ነገር አለ።
• ሳይድቼይን ካለው፣ ምንም ሳታገናኙ አጫውቱት።
• ሙዚቃ እየሄደ የጥቅሉን መጠን ከ512 ወደ 64 ቀይሩት።
• ውጤቱን ወደ ሞኖ ደምራችሁ ስሙት።

ሪፐር ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል፤ በአንድ ትራክ ላይ ብዙ ቻናል ስለሚያስተናግድ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ፕላግኢንቫል የሚባል ነፃ መሣሪያም አለ፤ ፕላጊኑን ከፍቶ እየዘጋ፣ የቻናል አቀማመጡን እየቀያየረ ያስጨንቀዋል። ተጠቃሚ ፊት ከሚወድቅ እዚያ ቢወድቅ ይሻላል።

ቢት ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ጊዜ በሞኖ ስሙት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰሚው ታክሲ ውስጥ አንዱን ኢርፎን ለጓደኛው አካፍሎ ሊሆን ይችላል፣ ባለ አንድ ስፒከር ስልክ ይዞ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማም ሊሆን ይችላል። ዘፋኙ ለእነሱም ይድረስ።

ፕላጊን ወይም ቢት የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ሞኖ ላይ ስትሰሙት የጠፋባችሁ ነገር ካለም ኮሜንት ላይ ጻፉልን።