የካንዲው የጥርስ ቤተ መቅደስ

በስሪላንካ ደጋማ ከተማ በካንዲ፣ ሐይቁ ዳር፣ የቡድሃ ጥርስ የሚጠበቅበት ቤተ መቅደስ አለ። አገሬው "ስሪ ዳላዳ ማሊጋዋ" ይለዋል። በትውፊቱ መሠረት ጥርሱን በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከህንድ ምድር፣ ከካሊንጋ፣ ጠጉሯ ውስጥ ደብቃ ያመጣችው ልዕልት ሄማማላ ናት። ጥርሱን የያዘ አገሩን ይገዛል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ነገሥታቱ መናገሻ ሲቀይሩ እሱንም ይዘው ይሄዱ ነበር። የካንዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1815 በእንግሊዞች እጅ ሲወድቅ ዘውዱ ቀረ፤ ጥርሱ ግን እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ምእመናኑ ነጭ ለብሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ። ቤተ ክርስቲያን ስሞ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ንጋት፣ ረፋድና ማታ ከበሮ ይመታል፤ የላይኛው ፎቅ በር ይከፈታል፤ ሕዝቡ ተጋፍቶ ያልፋል። በአዘቦት ቀን ግን ጥርሱን የሚያይ የለም። የሚታየው የወርቅ ሣጥን ነው፤ ጥርሱ በውስጡ፣ በተደራረቡ ሌሎች ሣጥኖች ተሸፍኗል። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ የሎተስና የጃስሚን አበባ ይከመራል። ለቡድሃ የሚቀርብ አበባ አስቀድሞ አይሸተትም። ሲቀርብ የሚደገመው ጸሎትም አበባው እንደሚጠወልግ ሁሉ የሰው ገላም ረጋፊ መሆኑን ያስታውሳል።

ቡድሂዝምን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ግራ ይገባዋል። ቡድሃ መንገድ አሳይቶ ያለፈ መምህር እንጂ አምላክ አይደለም። ታዲያ ልጇ የታመመባት እናት ለማን ትሳል? መልሱ ቅርብ ነው፤ የናታ፣ የቪሽኑ፣ የካታራጋማና የፓቲኒ መቅደሶች እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው። ፓቲኒ ከወረርሽኝ ትጠብቃለች ተብላ የምትለመን እንስት አምላክ ናት። ይህን እምነት ማደባለቅ የሚሉት አሉ፤ እኔ አልስማማም። እያንዳንዱ ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ከቡድሃ የነፍስ መንገድ፣ ከአማልክቱ የዕለት ችግር መፍትሔ ይጠየቃል። በሐምሌና ነሐሴ ግድም በሚከበረው የኤሳላ ፔራሄራ በዓል ይህ ሥርዓት በአደባባይ ይታያል። ያጌጠ ዝሆን የጥርሱን ሣጥን አምሳያ ተሸክሞ ይወጣል፤ የአራቱ አማልክት ሰልፍ ከኋላው ይከተላል። ጥርሱ እንዲቀድም ያዘዘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ኪርቲ ስሪ ራጃሲንሃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 በመኪና የተጫነ ፈንጂ ሰዎች ገድሎ ሕንጻውን ክፉኛ ጎድቶታል። ተጠግኗል፤ በር ላይ ግን እስካሁን ፍተሻ አለ።

ለመሄድ ካሰባችሁ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥታችሁ ፎቶ አትነሡ። የፓቲኒን መቅደስ ሳታዩም አትመለሱ።