የፈረስ አገር ደጋ ነው

በኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አለ። ስርጭቱ ግን እኩል አይደለም። ሰላሌ፣ አዊ፣ አርሲ፣ ባሌ፣ ሆሮና የከፋ ደጋዎች ፈረስ የሞላባቸው ናቸው፤ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ አፋር ቆላ ሲወረድ ግን ፈረስ ማየት ብርቅ ይሆናል። ብዙ ሰው ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ልማድ ነው፤ ደገኛው ፈረስ ይወዳል፣ ቆለኛው ግመል ይወዳል ይባላል። በአዊ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የፈረሰኞች በዓልም ሆነ ነገሥታቱ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረስ ስም መጠራታቸው ይህን አባባል የሚደግፍ ይመስላል። እኔ ግን ልማዱ ተከትሎ የመጣ ነው እላለሁ፤ የፈረስን አገር አስቀድሞ የወሰነው በሽታ ነው።

የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ቫይረስ የምታዛምተው ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ፣ ሞቃትና እርጥብ ስፍራ የምትራባ ነካሽ ነፍሳት ናት። የተያዘ ፈረስ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል፤ በአፍንጫው አረፋ እየደፈቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ሸለቆዎች ደግሞ የቆላ ዝንብ የምታስተላልፈው ገንዲ የሚባል በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ለመዝመት በቀይ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ዙላ ሲያርፍ፣ በዚያ ሞቃት ጠረፍ በርካታ የጦሩ ፈረሶችና በቅሎዎች በበሽታ ረግፈዋል።

ፈረስን ከቆላ ያራቀው ሙቀቱና የግጦሹ እጥረት ነው የሚል ይኖራል። ይህን መልስ የምትፈትነው አህያ ናት። አህያ ያንኑ ሙቀት ችላ፣ ያንኑ ደረቅ ሣር ግጣ በቆላው ትኖራለች፤ የፈረስ በሽታውንም ከፈረስ በእጅጉ ትቋቋማለች። በእርግጥ ድርቅን በመቻልም ትበልጠዋለች፤ ነገር ግን ሣር በሞላባቸው እርጥብ ቆላዎችም ቢሆን ፈረስ አለመበርከቱን ድርቅ ሊያስረዳው አይችልም። ሌላው ተቃውሞ ከቦረናና ከኦጋዴን ይመጣል፤ ተመራማሪዎች ከለዩዋቸው ስምንት የኢትዮጵያ ፈረስ ዓይነቶች መካከል ሁለቱ የእነዚህ ቆላማ አካባቢዎች ናቸው። ሆኖም ሁለቱም አካባቢዎች ደረቅ ናቸው፤ ያቺ ነካሽ ነፍሳት ደግሞ ያለ እርጥብ ጭቃ አትራባም። ስለዚህ ሁለቱ አካባቢዎች ሐሳቡን ያጠሩታል እንጂ አያፈርሱትም፦ ፈረስን የሚገድለው ሙቀት ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው።

ፈረስ ከደጋው ወርዶ በወይና ደጋ ከተሞች ጋሪ ሲጎትት ችግሩ መልኩን ይለውጣል። በማይመጥን የጋሪ ዕቃ የተላጠ ቆዳ ለአንድ ዓይነት ፈንገስ በር ይከፍታል፤ እብጠቱ በደረትና በእግር ላይ ተሰልፎ እየፈነዳ ይመግላል። ብርዱ በበረታባቸው ከፍተኛ ደጋዎች ይህ በሽታ እምብዛም አይታይም። ባለጋሪው የዕለት እንጀራው ስለሆነ የታመመውን ፈረስ ሳይቀር ይጠምደዋል፤ እዚህ ላይ ከወቀሳ ይልቅ ሕክምና ቢቀርብለት ይሻላል።

የዱር ፈረስ የሚባሉትም የሚገኙት በደጋ ነው፤ በምሥራቅ ሐረርጌ፣ ጉርሱም አጠገብ በሚገኘው ቁንዱዶ ተራራ ላይ ናቸው። አናቱ ሜዳ የሆነው ይህ ተራራ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በቆላ በተከበበ አካባቢ ደጋ ነው። ፈረሶቹ በትክክል ከተነገረ የዱር ዘር አይደሉም፤ ከሰው እጅ ወጥተው የመነኑ የቤት ፈረሶች ዘር ናቸው። የአገራችን የዱር ዘመዶቻቸው በአፋር የምትገኘው የዱር አህያና የሜዳ አህያ ናቸው። የቤት ፈረስ ዘር ከሆኑ ለምን ይጠበቃሉ ለሚል መልሱ ቀላል ነው፤ ያለ መኖና ያለ ሐኪም በብርድ ተፈትኖ የተረፈ ዘር እንደገና ተፈልጎ አይገኝም። ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ስለሆነ አንዱ እንኳ ለጋሪ ወይም ለጭነት ቢያዝ ጉዳቱ ከባድ ነው። የጉርሱም አስተዳደርና ነዋሪው የተራራውን ግጦሽ ለእነሱ ይተዉላቸው። በቢሾፍቱ የሚመረተው የፈረስ በሽታ ክትባትም፣ በሽታው የክረምቱን ዝናብ ተከትሎ ስለሚመጣ፣ ከሰኔ በፊት ወደ ፈረስ አርቢው ይድረስ።