ደረሰኙ ቢጠፋም የተከፈለው ገንዘብ ይገኛል



በ2017 ረመዷን የኢፍጣር መዋጮ ስንሰበስብ አንድ የአንደኛ ዓመት ወንድማችን «300 ብር ባንክ አስገብቻለሁ፤ ደረሰኙ ግን ጠፍቶብኛል» አለን። እኛ የምንመዘግበው ደረሰኝ ያመጣውን ብቻ ስለነበር ስሙ መዝገባችን ላይ የለም። ማንም «ዋሸህ» አላለውም። ሆኖም ለሦስት ቀን ኢፍጣር ላይ አላየነውም። ያኔ ነው ነገሩ የ300 ብር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የገባን። ፍለጋውን እንዴት እንዳካሄድነው ለሌሎችም ስለሚጠቅም እነሆ።

ባንክ ገንዘብ ስናስገባ የምንሞላው ቅጽ አንዱ ቅጂ ለእኛ ይሰጣል፤ ሌላው ቅርንጫፉ ዘንድ ይቀራል። ክፍያው ኮምፒውተር ላይም የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት ይመዘገባል። ስለዚህ የሚጠፋው የእኛ ወረቀት እንጂ መረጃው አይደለም። ሠራተኛው ፈልጎ እንዲያገኘው ግን አራት ነገሮችን ማወቅ አለብን፦ የተከፈለበትን ቀን፣ ቅርንጫፉን፣ የገንዘቡን መጠንና የተቀባዩን የሒሳብ ቁጥር።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። ባንኮች የሚመዘግቡት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ወንድማችን «የካቲት 17 ነው» ሲለን እኛ ቸኩለን ፌብሩዋሪ 17 ላይ ፈለግን፤ ምንም የለም። የካቲት 17 ቀን 2017 ግን ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 ነው። የሰባት ቀን ልዩነት አንድን ሰው ሊያስጠረጥር ምንም አልቀረውም ነበር። ቀኑን በትክክል ካላስታወሳችሁ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ቀናት ጨምራችሁ አስፈልጉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን ይጠይቅ የሚለው ነው። ባንክ የአንድን ሰው ሒሳብ ለሌላ ሰው አይገልጽም። ስለዚህ ከፋዩ መታወቂያውን ይዞ ወደከፈለበት ቅርንጫፍ ሄዶ የራሱን ክፍያ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ተቀባዩ ደግሞ የራሱን ሒሳብ ስቴትመንት ያወጣል። እኛም ሁለቱንም አደረግን። ስቴትመንቱ ላይ በዚያ ቀን የገባ 300 ብር አገኘን፤ ቅርንጫፉ ዘንድ በቀረው ቅጂ ላይም የወንድማችን ስም ተጽፎ ነበር። አልሐምዱሊላህ።

በቴሌብር የከፈለ ሰው ከ127 የደረሰውን መልእክት ይፈልግ። መልእክቱን አጥፍቶት ቢሆንም መተግበሪያው ውስጥ ያለፉ ግብይቶችን ማየት ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ያለፈ ክፍያ ለመፈለግ የሚስጥር ቁጥራችሁን ለሌላ ሰው መስጠት አያስፈልግም። «ላግዝህ» ብሎ እሱን የሚጠይቃችሁ ካለ አትስጡት።

ይህ ሁሉ ከመድረሱ በፊት መፍትሔው ቀላል ነበር። ደረሰኙን እንደተቀበላችሁ ፎቶ አንሱት፤ የባንክ ወረቀት ቀለሙ ቶሎ ይደበዝዛል። ቅጹ ላይ ስማችሁንና የክፍያውን ምክንያት በግልጽ ጻፉ። ገንዘብ ተቀባዮችም ስቴትመንቱን ከመዝገባችን ጋር በየሳምንቱ ብናመሳክር ኖሮ ወንድማችን ባላፈረ ነበር። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ አፉ እንዲለንም ጠይቀነዋል።

ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሙ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አያ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር መሆኑን መድረሳ የቀራን ሁሉ እናውቃለን። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ መተማመናችን እንዳይጎዳ መጠበቂያ ነው። አላህ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን።