የሐረርጌ በሬና ለምለም መኖው



የሐረር ሰንጋ ሲባል ስሙን ያልሰማ ሥጋ ወዳድ በአገራችን አይገኝም። ነገር ግን በሬው ምን በልቶ እንደ ደለበ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ክረምቱን የማሳልፈው በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ በአጎቴ ቤት ስለ ሆነ፥ በዚያ ያየሁትንና በባዮሎጂ ክፍል የተማርሁትን አገናኝቼ ላስረዳችሁ አስቤአለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ የደብተሬና የቤት ኪራዬ ገንዘብ በየዓመቱ የሚወጣው ከአንድ በሬ ሽያጭ ነው።

በዚያ አገር መሬቱ ጠባብ ነው፤ ከብት የሚለቀቅበት ሰፊ መስክ የለም። ስለዚህ ገበሬው መኖውን ወደ በሬው ያመጣል እንጂ በሬውን ወደ መስክ አይነዳም። በሬው መጀመሪያ ያርሳል፤ እርሻው ካለቀ በኋላ በቤቱ አጠገብ ታስሮ ይቀለባል። ማሽላው ሆን ተብሎ ጥቅጥቅ ብሎ ይዘራል። እያደገ ሲሄድ እየተመረጠ ይሳሳል፤ የተነቀለው ለበሬው መኖ፥ የቀረው ለሰው እህል ይሆናል። ቀጥሎም የታችኛው ቅጠል ይለቀማል፤ ከእርከኑ ዳርቻ ሣር ይታጨዳል፤ በመጨረሻም አገዳው ይቀራል። አጎቴና ሚስቱ ይህን ሁሉ እየጨበጡ በትንሽ በትንሹ በእጃቸው ያጎርሱታል። እንግዳ ሰው ቢያያቸው ሙሽራ የሚያስተናግዱ ይመስለዋል።

አሁን ወደ በሬው ሆድ እንግባ። የሣርና የአገዳ ዋና አካል ሴሉሎስ ይባላል፤ የሰው ሆድ ይህን ሊፈጭ አይችልም። በበሬ ጨጓራ ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት ይኖራሉ፤ እነርሱም ሴሉሎሱን ይሰባብሩታል፥ በሬውም እያመሰኳ ደግሞ ያኝከዋል። እንግዲህ ሣር የሚበላ በሬ ሰው ሊበላው የማይችለውን ወደ ሥጋ የሚለውጥ ፍጥረት ነው። በቆሎና ስንዴ የሚቀለብ በሬ ግን ከሰው ጋር ይሻማል። እህል በድንገት ከበዛበትም በጨጓራው ውስጥ አሲድ በዝቶ ይታመማል።

ለምለም መኖ የበላ በሬ ጮማው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ይኸውም ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ካሮቲን በስቡ ውስጥ ስለሚቀር ነው። ኦሜጋ ሦስት የተባለው የስብ ዓይነትም በእህል ከደለበው ይልቅ ይበዛበታል። ይሁን እንጂ በዓሣ ውስጥ ካለው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለ ሆነ፥ ሥጋውን እንደ መድኃኒት የሚያወድሱትን አልቀበልም። ቁርጥ ለምትወዱ ወላጆችም አንድ ነገር ላስታውስ። ሣር የበላ በሬ ስለ ሆነ ከኮሶ ትል ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ትሉ ወደ ከብቱ የሚገባው የሰው ዓይነ ምድር በነካው ሣር አማካይነት ነው።

ኦርጋኒክ የሚባለው እርባታ፥ መኖው ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ መርዝ እንዲበቅል፥ ከብቱም የማሳደጊያ ሆርሞን እንዳይሰጠው ይጠይቃል። አጎቴ ይህን ስም ሰምቶት አያውቅም፤ ነገር ግን እበቱን ለማሽላው ይመልሳል፥ የፋብሪካ ማዳበሪያ የሚገዛውም እበቱ ሲያንሰው ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ክትባትን የሚነቅፍ ቢኖር ግን ተሳስቷል። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገራችንን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ አመጣ፤ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ የታወጀውም በክትባት ኃይል ነው።

ለምለም የሆነ ሁሉም መልካም አይደለም። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ጥቂት ሳምንት ቀርቶ ነበር። እኔም ረጅሙን ማሽላ መንቀል ስለ ሰለቸኝ፥ ከጉቶው ያቈጠቈጠውን አጭር ቡቃያ አጭጄ ለቡሬ ላጎርሰው ስል አጎቴ ሮጦ መጥቶ ከእጄ ነጠቀኝ። «ልጄ፥ ልትገድልብኝ ነው?» አለ። በኋላ መምህሬን ስጠይቅ፥ አጭር ማሽላ፥ ይልቁንም ድርቅ የመታው፥ በከብቱ ሆድ ውስጥ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ እንደሚያወጣ አስረዱኝ። አጎቴ የመርዙን ስም አያውቅም፤ ማሽላው ከሰው ወገብ ሳያልፍ ግን ለበሬ አይሰጥም።

የሚያሳስበኝ ነገር ይህ ነው። አጎቴ ካቻምና በላይኛው እርከን በማሽላው ፈንታ ጫት ተከለ። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቈረጣል፥ ጥሬ ገንዘብም ያመጣል፤ ስለዚህ አልፈርድበትም። ነገር ግን ማሽላው ሲያንስ መኖውም አነሰ፤ ፋጉሎና ፉሩሽካ መግዛት ግድ ሆነ። ቡሬ ቶሎ ወፈረ፤ ለእንቁጣጣሽም በደኅና ዋጋ ተሸጠ። የመኖው ወጪ ሲቀነስ ግን የተረፈው ከቀድሞው ዓመት ያነሰ ሆነ። ሒሳቡን በደብተሬ ጽፌ ማታ አነበብሁለት።

አጎቴ ሰምቶኝ ሲያበቃ፥ «የጫቱንስ ገንዘብ ለምን አልደመርኸውም?» አለኝ።

ብደምረው ጫቱ በለጠ። አፍሬ ዝም አልሁ።

«ጫቱ ይቃማል እንጂ እንጀራ አይሆን፤ ማሽላው ቢያንስ እኛንም በሬውንም ያበላ ነበር» አለች የአጎቴ ሚስት ከጓዳ።

አጎቴ አልመለሰላትም። በማግሥቱ የጫት ችግኝ የሚሸጥ ጎረቤት መጥቶ ስለ ታችኛው እርከን ሲያነጋግረው ብዙ ቆዩ። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ ግን በታችኛው እርከን ላይ የቆመው ገና ማሽላ ነበር።